ጓያ ነቃይ ጉባኤ ሲገባ

ጓያ መዳፍ ላይ ሲያንከባልሉት እንደ አተር አይንከባለልም። ማዕዘን አለው፤ በትንሽ መጥረቢያ የተጠረበ ይመስላል። ደቡብ ጎንደር፣ ደራ ወረዳ፣ አንበሳሜ ገበያ ውስጥ ከሽምብራው ጎን በጆንያ አፍ ተቆልሎ ሲታይ ወደ ግራጫ የሚያደላ ቡኒ ነው። ሽሮው እንደሚጣፍጥ የደራ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ያው ሰው ታዲያ ልጁ ከማሳ እሸቱን እየፈለፈለ ሲቅም ካየ ይቆጣል። «ጓያ ሰበረው» የሚባል ነገር አለና።

የሚሰብረው እግርን ነው። ክፉ ዘመን መጥቶ ሌላው እህል ሲጠፋ፣ ጓያን ሁለት ሦስት ወር ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው አንድ ጠዋት ጉልበቱ አልታዘዝ ይለዋል። እግሩ ይደርቃል፤ ሲራመድ በጣቶቹ ጫፍ ነው፣ ጉልበቶቹም ይጋጫሉ። ቀለል ካለለት ያለ ምርኩዝ ይሄዳል፤ ከጠናበት በአንድ ምርኩዝ፣ ከባሰም በሁለት፤ ከዚያ ወዲያ መዳህ ነው። አእምሮው አይነካም። የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። በብዛት የሚመታው ደግሞ ወጣት ወንዶችን፣ የቤቱን ጉልበት ነው።

ስለ ቶክሲኮሎጂ ጉባኤ ልጽፍ ተነስቼ ጓያ ውስጥ የገባሁት ወድጄ ነው። ደራና ፎገራ ላደገ ተመራማሪ የመርዝ ሀሁ ጓያ ነው። ቶክሲኮሎጂ የመርዝ ጥናት ይባል እንጂ የዘወትር ጥያቄው ምን ያህል፣ በምን መልክ፣ ለስንት ጊዜ፣ ለማን የሚል ነው። አንበሳሜ ያሉ እናቶችም «በሽሮ ይሁን፣ በንፍሮ አታብዙት» ሲሉ የሚመልሱት ይህንኑ ነው።

መርዙን ከፍሬው ለይተው ያወጡት የህንድ ኬሚስቶች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1964። በአጭር ስሙ ኦዳፕ ይባላል። እኛ ዘንድ ደግሞ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ ቤት ለቤት ዞረው ሕሙማኑን ቆጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ውጤት ከ1,000 ሰው በአማካይ 6ቱ በጓያ መሰበሩን አሳየ።

«ጓያ ነቃይ የፊቱን ያያል» ይባላል። ጓያ በእጅ የሚነቀል ሰብል ነው፤ ነቃዩ ጎንበስ እንዳለ ከፊቱ ያለውን እየነቀለ ይሄዳል፣ የማሳውን ዳር አያይም። ተረቱ አርቆ ለማያስብ ሰው የተተረተ ነው፤ እኔ ግን ተመራማሪዎችን ሳይ ይታወሰኛል። ሐኪሙ እግሩን ያያል፣ ኬሚስቱ ፍሬውን፣ አዳቃዩ ዘሩን። ሁሉም ትጉህ ነው፣ ሁሉም ጎንበስ ብሏል።

ከኅዳር 17 እስከ 19 ቀን 1988 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጓያ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የተካሄደው እነዚህን ሰዎች ለሦስት ቀን ቀና ለማድረግ ነበር ብል አልተሳሳትኩም። ከዚያ በፊት ፈረንሳይ ውስጥ ፖ ከተማ ላይ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ዳካ ላይ በ1993 ተሰባስበው ነበር። የአዲስ አበባው ጥናቶች በአንድ ጥራዝ ታተሙ፤ አዘጋጆቹ ፕሮፌሰር ረዳና የቤልጂግ ጌንት ዩኒቨርሲቲው ፈርናንድ ላምባይን ነበሩ።

ከጉባኤው አራት ዓመት በኋላ «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ ወጣ፤ ከደቡብ ጎንደር በስተምሥራቅ፣ ደላንታ ዳውንት ላይ የጓያ ሽባነት ወረርሽኝ መነሳቱን የሚያሳውቅ። የመጀመሪያው ጸሐፊ ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁን ነው። ከስሙ በኋላ ከተሰለፉት መካከል ረዳና ላምባይን አሉ፣ የጥራዙ አዘጋጆች። ወጣት ሐኪም ከወረዳ ያመጣው መረጃ ዕድሜያቸውን በጉዳዩ ላይ ከፈጁ ሰዎች ጋር ሲጋጠም ምን እንደሚሆን ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ቀጥሎ የወጡት ጥናቶች ተቆልቶ፣ ተቀቅሎ ወይም በእሸቱ የተበላ ጓያ ለሽባነት እንደሚያጋልጥ፣ በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ ሲበላ ግን አደጋው እንዳልጨመረ አሳዩ። እቤት በተሠራ የሸክላ ዕቃ ብቻ ማብሰልም ከአደጋው ጋር ተያይዞ ተገኘ። ይህችን የሸክላ ነገር ያዙልኝ። ዶክተር ኃይለኢየሱስ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ውስጥ ዳይሬክተር እስከ መሆን ደርሷል።

ወደ ትልልቆቹ ጉባኤዎች እንምጣ። የአሜሪካው የቶክሲኮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1961 ተቋቋመ፤ በየዓመቱ መጋቢት አካባቢ ይሰበሰባል። የየአገሩን ማኅበራት የሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ ኅብረት በ1980 ተመሠረተ፤ በማደግ ላይ ላሉ አገሮች ተብሎ የተለየ ጉባኤም አለው። በአሜሪካው ማኅበር ውስጥ የአፍሪካ ተወላጅ ቶክሲኮሎጂስቶች የራሳቸው ቡድን አላቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ በኢሜይል መፈለግ ያለበት እሱ ነው። ለወጣቶች የጉዞ ድጋፍ ይሰጣል፤ ችግሩ ጉባኤው መጋቢት ላይ ከሆነ አብስትራክት የሚዘጋው ጥቅምት አካባቢ መሆኑ ነው። እኛ ደግሞ ነገራችን ሁሉ የመጨረሻዋ ሳምንት ላይ ነው። ቪዛውን አላነሳም፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ዋናው ጉባኤ ከመከፈቱ በፊት እሑድ ላይ አጫጭር ኮርሶች ይሰጣሉ፤ መጠንና ጉዳትን ማዛመድ፣ የላቦራቶሪ ሥርዓት፣ የአደጋ ግምገማ። አሰልቺ ይመስላሉ፤ የእንዶድን ታሪክ የሚያውቅ ግን አይንቃቸውም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣ ሞቶ አይተው ለቢልሃርዝያ መከላከያ መንገድ አገኙ። ግኝቱ ግን ዓለም አቀፍ ተቋማት በሚጠይቁት መልክ የደኅንነት ምርመራ አልተደረገለትም እየተባለ ከ20 ዓመት በላይ ተንጓተተ። እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። ያንን የምርመራ ሥርዓት በወጣትነት መማር ምን ያህል ዓመት እንደሚያተርፍ ከዚህ ይታያል።

የጉባኤው ልብ ግን ፖስተር የሚሰቀልበት አዳራሽ ነው። ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሄደች አንዲት የደራ ልጅ እናስብ። የጓያ ሥራዋን አንድ ሜትር በሚያህል ወረቀት አሳትማ ሰሌዳ ላይ ለጥፋ ጎኑ ቆማለች። ቡና የያዘ ሰው መጥቶ ርዕሱን ያነባል፣ ግራፉን ያያል፣ ባጇን ያያል። ያላት አንድ ደቂቃ ነው። እኛ ሰላምታ ላይ ረጅም ነን፤ ምስጋናና መግቢያ ሲያልቅ ሰውየው ሄዷል። ምን ጠየቅሁ፣ ምን አገኘሁ፣ ምን ቸገረኝ ካለች ግን ይቆማል። በተለይ «ምን ቸገረኝ» የምትለዋ። ይሉኝታ ይዞን የማንናገራት እሷ ናት፤ ሰው የሚረዳው ደግሞ በእሷ በኩል ነው። «ኦዳፕ የምለካበት መሣሪያ የለኝም» ስትል፣ ያለው ሰው ሁለት ሰሌዳ አልፎ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

ሰውየው ምናልባት ይጠይቃታል፦ «የማሰሮውን አፈር መርምራችሁታል?» አልመረመሩትም። ከጎኗ ያለው ፖስተር የአፈር ብረት የሚለካ ሰው ሥራ ነው። ትዞራለች፣ ስሟን ትናገራለች። ሦስት ቀን አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ አበሉን ቆጥሮ ከሚመለሰው የምትለየው በዚያች መዞር ነው። ማታ ኢሜይል ትልክለታለች፤ ሳምንት ካለፈ መልኳን እንኳ አያስታውስም።

ከዚያ መመለስ አለ። ከባሕር ዳር ሐሙሲት፣ ከሐሙሲት አንበሳሜ፣ ፖስተሩ በቱቦ ተጠቅልሎ ሚኒባስ ውስጥ በጉልበቷ መሃል። አጠገቧ የተቀመጡ እናት ዝም ብለው አይዘልቁም።

«ልጄ፣ ካርታ ነው?»

«አይደለም እማማ፣ ስለ ጓያ ነው። እርስዎ በምን ይቀቅሉታል?»

«በሸክላ ድስት ነዋ። ምነው፣ ድስቱም አለበት እንዴ?»

«እሱን ነው የምንለካው። ድስትዎን ያውሱኛል?»

«አውስሻለሁ፤ ብቻ እንዳትሰብሪብኝ።»