ከጥቁሩ ነጥብ ጋር ትውውቅ

የአይሁድ ፋሲካ፣ ፔሳሕ፣ ሲቃረብ እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ውስጥ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ ውኃ ያፈስሳል፣ ስፖንጃ ይገፋል። አቧራው ይለቃል፣ ዘይቱ ይለቃል፣ የወፍ ኩሱም ይለቃል። አልለቅ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ጥቁር ነጥብ፣ አንዳንዴም ከጎኑ ነጭ ወይም ብርቱካናማ ክብ። በሽቦ ብሩሽ ይፈገፈጋል፤ ኤኮኖሚካ፣ ማለትም አገር ቤት በረኪና የምንለው፣ ይደፋበታል፤ አሲድ የሚሞክርም አለ። ለጊዜው ይነጣል፤ ዝናቡ ከርሞ ሲያልፍ እዚያው ቦታው ላይ ይገኛል። ጉልበት አንሶ አይደለም። ቆሻሻ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ይህ ግን ድንጋይ ውስጥ የሚኖር ሕያው ነገር ነው። ስለዚህ ከመፈግፈግ በፊት አኗኗሩን፣ በተለይም ከውኃ ጋር ያለውን ጉዳይ፣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስሙ ላይከን ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1860ዎቹ ድረስ እንደ አንድ ተራ ተክል ይቆጠር ነበር። በ1867 ስዊዘርላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሞን ሽቬንደነር፣ ላይከን አንድ ፍጡር ሳይሆን የሁለት ፍጥረታት ጥምር ኑሮ ነው አለ፤ ቤቱን የሚሠራው ፈንገስ ሲሆን፣ በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚያበስለው ደግሞ በውስጡ የተጠለለ አልጌ ነው። የዘመኑ የላይከን ሊቃውንት ብዙዎቹ በሐሳቡ ተሳለቁ፤ እሱ ግን ትክክል ነበር። በ2016 ደግሞ በቶቢ ስፕሪቢል የተመራ ቡድን በብዙ ላይከኖች ቅርፊት ውስጥ እርሾ መሰል ሌላ ፈንገስ እንደሚገኝ አሳየ፤ የቤተሰቡ ቁጥር ገና ተቆጥሮ ያለቀ አይመስልም።

በኖራ ድንጋይና በሲሚንቶ ንጣፍ ላይ ጥቁር ነጥብ የሚሠራው የታወቀው ዓይነት ቬሩካሪያ ኒግሬሰንስ ይባላል። ጥቁረቱ ጥላሸት አይደለም፤ የሰውን ቆዳ ከሚያጠቁረው ጋር የሚዛመድ ሜላኒን ነው፣ ሥራውም ከስር ያለውን አልጌ ከሚያቃጥል ፀሐይ መከለል ነው። የፈንገሱ ቀጫጭን ክሮች በድንጋዩ ቀዳዳዎች በኩል ሚሊሜትሮች ያህል ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ፤ ከእነዚህ ላይከኖች አንዳንዶቹ የሚያመነጩት ኦክሳሊክ አሲድም ኖራውን ቀስ በቀስ ይበላል። እንዲህ ያለው ላይከን ብዙውን ጊዜ በዓመት ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው የሚሰፋው፤ አውራ ጣት የሚያህለው ነጥብ የዓመታት ነዋሪ ነው ማለት ነው። ሕያው መሆኑን የተጠራጠረ ሰው ነጥቡን በውኃ አርሶ ጥቂት ጠብቆ በጥፍሩ ጫፍ ቢልጠው፣ ከጥቁሩ ቅርፊት ስር ስስ አረንጓዴ ያገኛል። አረንጓዴ ካልታየ የጎማ ወይም የዝገት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የእሱ መድኃኒት ሌላ ነው።

ላይከን ድንጋይ ውስጥ ይኖራል ሲባል ማጋነን የሚመስለው ሰው ወደ ደቡብ፣ ወደ ኔጌቭ ተራሮች ይመልከት። እዚያ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚረዝሙ ዩኮንድረስ የሚባሉ ቀንድ አውጣዎች አሉ። ምግባቸው ከኖራ ድንጋዩ ገጽ በታች የተደበቀ ላይከን ስለሆነ፣ ለመብላት ድንጋዩን ራሱን መፋቅ አለባቸው። ሻቻክ፣ ጆንስና ግራኖት በ1987 ሳይንስ በተባለው መጽሔት እንዳሳተሙት፣ እነዚህ ደቃቃ ፍጥረታት በአንድ ሄክታር ላይ በዓመት ከ0.7 እስከ 1.1 ቶን የሚደርስ ድንጋይ ወደ አፈርነት ይለውጣሉ። ላይከኑን ለማግኘት የቀንድ አውጣ ምላስ እንኳ ድንጋይ ማንሳት ግድ ከሆነበት፣ የሽቦ ብሩሽ ንጣፉን ሳይጎዳ እንዴት ይደርስበታል?

ዋናው ነገር ግን ውኃ ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ላንገ በዚያው በኔጌቭ ባደረገው ጥናት፣ ላይከን በሌሊት የአየር እርጥበትና በጤዛ ብቻ ነፍስ ዘርቶ፣ ማለዳ ላይ ለጥቂት ሰዓት ምግቡን ሠርቶ፣ ፀሐይ ስትበረታ ደርቆ እንደሚያንቀላፋ ታይቷል። ጤዛ ደግሞ በእነዚያ ተራሮች በዓመት ወደ 200 በሚጠጉ ሌሊቶች ይወርዳል። ደርቆ የተኛ ላይከን ሙቀትም መርዝም ችሎ ያሳልፋል፤ የሚጎዳው ረጥቦ በሚሠራበት ሰዓት ነው። በጣሊያን ትሪየስቴ ማውሮ ትሬቲያክና ባልደረቦቹ በ2012 ይህንን በሙከራ አረጋግጠዋል፤ በደረቅነቱ ከፍተኛ ሙቀት የሚቋቋመው ላይከን፣ ረጥቦ ሳለ 55 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ለጥቂት ሰዓታት ሲቆይ ሞተ። እኛ በሐምሌ ቀትር ደረቁን ነጥብ ስንፈገፍግና መድኃኒት ስንደፋበት፣ የምንመታው በጠነከረበት ሰዓት ነው።

ዘዴውም ከዚሁ ይወጣል። ነጥቡ ያለበትን ንጣፍ በማለዳ በደንብ ማራስ፣ እርጥብ ጨርቅ ማልበስ፣ በላዩ ጥቁር ፕላስቲክ ዘርግቶ ዳር ዳሩን በድንጋይ መያዝ፣ ከዚያ ፀሐይዋን መተው። የቂርያት ጋት በጋ ለዚህ አይሰስትም፤ አንድ ቀን ካልበቃ በማግስቱ ይደገማል። ጥላ ለበዛበት ቦታ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ያለበት መድኃኒት አለ፤ የቅርስ ጥገና ባለሙያዎችም በድንጋይ ላይ ይጠቀሙበታል። እሱም ቢሆን ቀድሞ በረጠበ ነጥብ ላይ፣ ዝናብ በማይጠበቅበት ቀን ተረጭቶ ሳይታጠብ ይተዋል። እስኪደርቅ የሰፈር ድመት እንዳይረግጠው መጠበቅ ነው፤ መዳፏን ስትልስ አፏን ያቆስላታል። በሁለቱም መንገድ የሞተው ላይከን ወዲያው አይረግፍም። ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ይሰባበራል፣ የክረምቱ ዝናብ ይሸረሽረዋል፤ የቀረውን ለስላሳ የናይለን ብሩሽ ያነሳዋል።

የግፊት ውኃ ማሽን እኮ በአንድ ሰዓት ግቢውን አዲስ ያስመስለዋል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ያስመስለዋል። ማሽኑ ግን ከላይከኑ ጋር የሲሚንቶውን ለስላሳ ገጽ ይልጠዋል፣ በንጣፎቹ መካከል ያለውን አሸዋም ያወጣዋል። የቀረው ሻካራ ገጽ ውኃና አቧራ ስለሚይዝ ለሚቀጥለው ላይከን የተመቸ ማሳ ይሆናል። አሲድ ከዚህም ይብሳል፤ ኖራና ሲሚንቶ የሚሟሙት በአሲድ ነውና ነጥቡን ሳይጨርስ ድንጋዩን ይጨርሳል። በረኪና ንጣፍ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ አልጌ ለማጥፋት ጥሩ ነው፤ ጥቁሩን ግን ደጋግሞ በእርጥቡ ካላገኘው ከላይ ብቻ አንጥቶ ይተወዋል፣ ጨዉም በድንጋዩ ውስጥ ይቀራል። በረኪናና አሲድ አንድ ላይ ማፍሰስ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ፣ ለምን አንተወውም የሚለው ነው። የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ያየ ሰው ጣሪያውና ግድግዳው ላይ ያለውን ቢጫና ብርቱካናማ ላይከን ያስታውሳል፤ ብዙዎች የሕንፃው ሽበትና ጌጥ አድርገው ነው የሚያዩት። በኦክስፎርድ ካርተርና ቫይልስ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥቁር ቬሩካሪያ መርምረው ነበር። የላይከን ልባስ የኖራ ድንጋዩን እርጥበትና ሙቀት በማለዘብ ሊጠብቀው እንደሚችል ጽፈዋል፤ በ2004 ግን በዚሁ ጥቁር ነጥብ ስር ያለው ድንጋይ ከባዶው ይበልጥ እንደሚሞቅ አሳይተዋል። ስለዚህ ላይከን ሁሉ ጠላት ነው ማለትም፣ ሁሉ ጠባቂ ነው ማለትም አይቻልም። ለአሮጌ ግድግዳ ወይም ለሐውልት፣ ባለሙያ ሳያይ አለመንካት ይሻላል ባይ ነኝ። የግቢ ንጣፍ ግን ሊቀየር የሚችል፣ በየቀኑ የሚረገጥ ነገር ነው፤ ባለቤቱ እንዲጸዳለት ቢፈልግ ቅርስ አፈረሰ አይባልም።

ከጸዳ በኋላ ብዙ ሰው የሚቸኩለው ላዩን የሚያብለጨልጭ ቅብ ለመቀባት ነው። ቅቡ ከስር የሚመጣ እርጥበት ከዘጋ ይላላጣል፣ ገንዘቡም ይባክናል። ይልቅ በየማታው ንጣፉን የሚያረጥበውን የአትክልት ውኃ መርጫ አፉን ወደ ሣሩ ማዞር፣ ጧት ፀሐይ የሚከለክለውን የሎሚ ቅርንጫፍ መቁረጥ፣ ውኃ የሚያቁረውን የሰመጠ ንጣፍ አንስቶ ከስሩ አሸዋ መጨመር ይበቃል።