ስሕተት በሰም ይታረም፤ የምርት ንድፍን ሥራ ስለ ማፋጠንና ወጪውን ስለ መቀነስ

የሰበካ ጉባኤያት የአጥቢያቸውን ገቢ ለማሳደግ የሚጀምሩት ሥራ ብዙውን ጊዜ አንድ ምርት ነው፤ የአንገት መስቀል፣ ጧፍ፣ የተጠለፈ ልብሰ ተክህኖ፣ ወይም ሌላ የእጅ ሥራ። ሐሳቡ በጉባኤ ይጸድቃል፤ ገንዘብ ይመደባል፤ ባለሙያም ይጠራል። ነገር ግን ምርቱ ተሠርቶ ሲመጣ አንዳንድ ጊዜ ይከብዳል፤ አንዳንድ ጊዜ ይሳሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ዋጋው ከምእመኑ ዐቅም በላይ ይሆናል። እንደገና ይሠራ ቢባል ገንዘቡ አልቋል፤ እንዳለ ይሸጥ ቢባል የሚገዛው የለም። በዚህ ጊዜ በዕቃ ቤት ተደርድሮ የሚቀረው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ከሙዳየ ምጽዋት የወጣው የድኻ ሳንቲም ጭምር ነው።

የዚህ ችግር ምንጭ የባለሙያ እጥረት ነው ለማለት አንደፍርም። ምንጩ ውሳኔው የሚሰጥበት ጊዜ ነው። መታረም ያለበት ነገር ማረሙ ርካሽ በሆነበት ሰዓት ሳይታረም ያልፍና ማረሙ ውድ በሆነበት ሰዓት ይገኛል። መፍትሔውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ በአዲስ አበባ መካከል፣ በአራዳ፣ በአንጥረኞች እጅ ይገኛል።

የአራዳ አንጥረኞች ትምህርት

የዓድዋ ድል መታሰቢያ የሆነው የመናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል በቆመበት በአራዳ፣ የከተማይቱ ታላቅ ገበያ ይውል ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን ገበያው ወደ አዲስ ከተማ ሲዛወር ሥፍራው ፒያሳ የሚለውን ስም ይዞ ቀረ፤ የወርቅና የብር ሥራ ግን አብሮት ኖረ። ኢትዮጵያውያን አንጥረኞች፣ ከእነርሱም ጋር ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አርመናውያን ባለሙያዎች ለቤተ መንግሥትም ለቤተ ክርስቲያንም ሠርተዋል። ማርትሬዛ ብርን አቅልጦ ጌጥና መስቀል ማድረግም የቆየ የአገራችን ልማድ ነው።

የጥንት የመጾር መስቀሎቻችን ብዙዎቹ የተሠሩበት ጥበብ እንዲህ ነው። አንጥረኛው አስቀድሞ የመስቀሉን ቅርጽ በሰም ያበጃል፤ የቀለጠው ማዕድን የሚገባበትን ቦይም በሰም ይቀጥልለታል። ከዚያ ሰሙን በላመ ጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው ሲደርቅ በእሳት ያጋየዋል። ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶ በቀረው ሥፍራ የቀለጠው ነሐስ፣ ብር ወይም ወርቅ ይፈስበታል። ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበራል፤ ሥራውም በሞረድ ይስተካከላል። አባቶቻችን የቅኔ መምህራን «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስያሜ የወሰዱት ከዚሁ ሥራ መሆኑን ካህናት አንባብያን ታውቃላችሁ።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ። ጭቃው የሚያገለግለው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ማዕድኑ ከፈሰሰ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ስለዚህ አንጥረኛው የሚጠራጠረውን ሁሉ ተጠራጥሮ የሚጨርሰው በሰሙ ላይ ነው። ሰም በሞቀ ቢላዋ ይቀነሳል፤ በጣት ይጨመራል፤ ካልሆነም ቀልጦ እንደገና ይሠራል። በሰም ላይ የተገኘ ስሕተት የደቂቃዎች ሥራ ያስከፍላል፤ በብር ላይ የተገኘው ግን ዳግመኛ ማቅለጥን፣ አዲስ ጭቃንና ሌላ የሥራ ቀንን ይጠይቃል። ምርቱ ለምእመናን ከተሸጠ በኋላ የተገኘው ስሕተት ደግሞ የአጥቢያውን ስም ያስከፍላል።

ሰሙን መመዘን

ሰም ሌላም ጥቅም አለው፤ ወጪን አስቀድሞ ይናገራል። ንጹሕ ወርቅ በተመሳሳይ መጠን ካለ ሰም 20 እጥፍ ያህል ይመዝናል፤ ብር 11 እጥፍ፣ ነሐስም 9 እጥፍ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ የሰሙን ቅርጽ በሚዛን ላይ ያኖረ ሰው ምን ያህል ማዕድን እንደሚያስፈልገው እሳት ሳይለኮስ ያውቃል።

ለምሳሌ አንድ ሰበካ ጉባኤ 200 የብር የአንገት መስቀሎች ለማሠራት አስቧል እንበል። የሰሙ ናሙና 2 ግራም ቢመዝን እያንዳንዱ መስቀል 22 ግራም ብር ይፈልጋል። ባለሙያው ጀርባውን ጥቂት አሳስቶ ሰሙን ወደ 1 ግራም ተኩል ቢያወርደው፣ የእያንዳንዱ ክብደት 16 ግራም ተኩል ይሆናል። ልዩነቱ በአንዱ ሲታይ ትንሽ ነው፤ በ200 ሲባዛ ግን 1 ኪሎ ከ100 ግራም ብር ይሆናል፤ የ39 ማርትሬዛ ብር ክብደት ያህል ማለት ነው። ይህ ሁሉ የተቆጠበው ግማሽ ግራም ሰም በመፋቅ ነው።

በመጾር መስቀልም እንዲሁ ነው። ሰሙ 150 ግራም ከሆነ የነሐሱ መስቀል ከ1 ኪሎ ከ300 ግራም በላይ ይመዝናል። ይህን በበዓለ ንግሥ ለሰዓታት የሚሸከመው ዲያቆን ነውና ሐሳቡን መስጠት ያለበት መስቀሉ ተሠርቶ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ሰሙ በሚመዘንበት ቀን ነው።

ለሰበካ ጉባኤያት የሚሆን ቅደም ተከተል

ከዚህ በመነሣት ለማንኛውም ምርት የሚያገለግል መንገድ እናቀርባለን።

መጀመሪያ፣ ሥዕል ከመሣሉ በፊት አንድ ገጽ ይጻፍ። ምርቱ ለማን ነው? የት ያገለግላል? ከፍተኛው ክብደቱና ከፍተኛው የመሸጫ ዋጋው ስንት ነው? ስንት ፍሬ ይፈለጋል? ጌታችን በወንጌል ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር ያስተማረን ለዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄም ይሠራል (ሉቃ. 14፥28)።

ሁለተኛ፣ ንድፉ በትክክለኛ መጠኑ በወረቀት ይሣል፤ በካርቶንም ተቈርጦ ይታይ። የመጾር መስቀል ከሆነ ካርቶኑ በዘንግ ላይ ተሰክቶ ከዐውደ ምሕረቱ ዳር ይታይ፤ በጠረጴዛ ላይ የሚያምር ጥልፍልፍ ከሩቅ ሊደበዝዝ ይችላልና። የሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጥያቄም በዚሁ ደረጃ በሊቃውንት ይመለስ። ቅርጹ ከትውፊት ጋር መስማማቱ ዕቃው ከተሠራ በኋላ የሚጠየቅ ከሆነ እርማቱ ኪሳራ ነው።

ሦስተኛ፣ በርካሽ ቁስ ናሙና ይሠራ። ለመስቀል ሰም፣ ለልብሰ ተክህኖም አቡጀዲ አለ፤ ከፋዩ ከመቈረጡ በፊት አቡጀዲው ተሰፍቶ ካህኑ ለብሶት ቢያጥን፣ እጁን ቢዘረጋ፣ ቢሰግድ የትከሻውና የእጅጌው ጉድለት ይገለጣል። ጧፍ ከሆነ የክሩ ውፍረት የተለያየ ጥቂት ጧፍ ተሠርቶ ጎን ለጎን ይብራ፤ የቱ እንደሚያጨስ፣ የቱ ቶሎ እንደሚያልቅ በአንድ ማታ ይታወቃል። ሆኖም ናሙና ማብዛት ብቻውን ጥበብ አይደለም። እያንዳንዱ ናሙና አንድ የታወቀ ጥያቄ ይመልስ፤ ጥያቄው ሲመለስ ሥራው ይቀጥል።

አራተኛ፣ ከእውነተኛው ቁስ አንድ ብቻ ይሠራና በአገልግሎት ላይ ይዋል። እርሱ ከጸደቀ በኋላ ብዛቱ ይታዘዝ። በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ ጌጥ ሠሪዎች የጸደቀውን ናሙና በጎማ ውስጥ አትመው፣ በዚያ የጎማ ቅርጽ ሰም እየሞሉ ብዙ ተመሳሳይ የሰም ቅርጾች ያወጣሉ፤ ዛሬም በኮምፒዩተር የተነደፈውን ቅርጽ በስሪዲ ፕሪንተር በሰም ወይም በሙጫ የሚያትሙ አሉ። መሣሪያው ቢለወጥም ሥርዓቱ ያው ነው፤ ሰም ይቀድማል፤ ማዕድን ይከተላል።

ጊዜ የሚባክነው የት ነው?

ብዙ ጊዜ የሚዘገየው ውሳኔው እንጂ እጁ አይደለም። ባለሙያው ሰሙን ጨርሶ የጉባኤውን ስብሰባ ይጠብቃል፤ በስብሰባው አንዱ ይጨመር ሲል ሌላው ይቀነስ ይላል፤ ነገሩም ወደ ሚቀጥለው ወር ይተላለፋል። ስለዚህ ሙሉው ጉባኤ ዓላማውን፣ የዋጋውን ጣሪያና የመጨረሻውን ናሙና ያጽድቅ። በመካከል ያለውን ግን ለሦስት ሰዎች አደራ ይስጥ፤ ዕቃውን ለሚገለገልበት ካህን ወይም ዲያቆን፣ ለሒሳብ ሹሙና ለባለሙያው። የንድፉ፣ የናሙናውና የርክክቡ ቀንም አስቀድሞ ይቈረጥ።

ባለሙያውን ከሦስቱ አንዱ ያደረግነው በምክንያት ነው። በአገራችን የእጅ ባለሙያ ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል፤ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ዛሬ ስድቡ ቢቀንስም ባለሙያን ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ መጥራት አልቀረም። ማዕድኑ የማይደርስበትን ቀጭን ሥፍራ፣ የሚሰበረውን ማዕዘን፣ ሳይታይ የሚያከብደውን ጀርባ የሚያውቀው እርሱ ነው። እግዚአብሔር የድንኳኑን ሥራ ምሳሌ ለሙሴ ሲያሳይ ባስልኤልንና ኤልያብን በስማቸው እንደ ጠራቸው አንርሳ (ዘጸ. 25፥40፤ 31፥1-6)። ለናሙናው የሚገባው ክፍያም ለብቻው ይከፈል፤ የናሙናን ዋጋ የነሣ አጥቢያ በኋላ በተበላሸ ሥራ እጥፍ ይከፍላልና።

ንድፉ በአጥቢያው ይቀመጥ

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ አያሌ የቆዩ ሰፈሮች ለመልሶ ማልማት ሲነሡ ነዋሪውና ነጋዴው በየአቅጣጫው ተበትኗል። «እንደ ወትሮው ለዚያው አንጥረኛ እንሰጣለን» የሚል አጥቢያ ነገ አንጥረኛውን በቦታው ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ የጸደቀው ሥዕል፣ የሰሙ ክብደት፣ የማዕድኑ ዓይነት፣ የዘንጉ መግጠሚያ ስፋትና የተከፈለው ዋጋ በአንድ መዝገብ ተጽፈው፣ ዋናው ናሙናም ታሽጎ በንብረት ክፍል ይቀመጥ። በባለሙያውም ዘንድ አንድ ቅጂ ይኑር። የመግጠሚያው ስፋት ለሁሉም መስቀሎች አንድ ከሆነ ደግሞ አንዱ ዘንግ ለብዙዎቹ ያገለግላል፤ ሁለተኛው ትእዛዝም ከመነሻው ሳይሆን ከመዝገቡ ይጀምራል።

ክቡራን አባቶችና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ቀጣዩን ትእዛዝ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ እንድትጠይቁ እናሳስባለን፤ «ይህን በሰም አይተነዋልን?» መልሱ «አላየንም» ከሆነ ፊርማው ይቈይ። የአንድ ሳምንት መዘግየት የዓመት መዋጮን ሊያድን ይችላል።