የእንጦጦ ዳገትና የኮሌስትሮል ክኒን፦ የጡንቻ ሕመም መቼ ያሳስባል?

ከየካ ክፍለ ከተማ ተነሥቶ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው፣ ከባሕር ወለል በላይ ከሦስት ሺህ ሜትር ወደሚልቀው ከፍታ ሲቃረብ ጭኑና ባቱ ቢዝሉ የሚያስደንቅ አይደለም። ይህ ሰው ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ከፍ በማለቱም ሐኪም ስታቲን የሚባለውን መድኃኒት ያዘዘለት ነው እንበል። በማግስቱ እግሩን ሲያመው፣ «ክኒኑ ጡንቻ ይጎዳል» ሲባል የሰማው ትዝ ይለዋል። በዚህ ጊዜ ሁለት ስህተቶች ይጠብቁታል። አንደኛው ሐኪሙን ሳያማክር መድኃኒቱን ማቆም ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሊናቅ የማይገባውን ምልክት «የዳገቱ ድካም ነው» ብሎ ማለፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን እንዴት መለየት እንደሚቻል እንመለከታለን።

መድኃኒቱ እንዴት ይሠራል?

ኮሌስትሮል በራሱ ጠላት አይደለም። የሕዋሳት ሽፋን፣ አንዳንድ ሆርሞኖችና ቫይታሚን ዲ የሚሠሩት በእርሱ ነው። ጉዳት የሚያስከትለው በደም ውስጥ ሲበዛና በደም ቅዳ ግድግዳ ላይ ሲከማች ነው፤ ውሎ አድሮም የልብ ድካምንና የአንጎል ምትን ያመጣል። ትራይግሊሰራይድ ደግሞ ሰውነት ለኃይል ምንጭነት የሚያስቀምጠው ስብ ነው። በአንድ ዴሲሊትር ደም ከ500 ሚሊግራም ሲያልፍ፣ በተለይም ከ1000 ሲበልጥ፣ ቆሽትን በብርቱ ሊያስቆጣ ይችላል።

ጃፓናዊው ተመራማሪ አኪራ ኤንዶ በሺህ የሚቆጠሩ የሻጋታ ዓይነቶችን ከመረመሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ዋና ኢንዛይም የሚገታ ንጥረ ነገር አገኙ። ስታቲኖች የተወለዱት ከዚህ ግኝት ነው። ምርቱ የተቀነሰበት ጉበት የጎደለውን ለመተካት ኮሌስትሮልን ከደም ይስባል፤ በዚህም በደም ውስጥ ያለው መጠን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ የሆነ የስካንዲኔቪያ ጥናት 4,444 የልብ ሕሙማንን ከአምስት ዓመት በላይ ተከታትሎ፣ ሲምቫስታቲን የሞትን መጠን በ30 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

ሆኖም ኮሌስትሮል ሲጨምር አያምም፤ ሲቀንስም አይታወቅም። በመሆኑም ታካሚው የመድኃኒቱን ጥቅም አያየውም፤ የሚያየው ሕመሙን ብቻ ነው። ብዙዎች መድኃኒቱን በቀላሉ የሚያቋርጡትም ስለዚህ ነው።

የዳገት ሕመምና የመድኃኒት ሕመም

የዳገት ሕመም ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይበረታል፤ የሚሰማውም በሠራው ጡንቻ ላይ ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ይጠፋል። ስታቲን የሚያመጣው ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በጨመረ በሳምንታት ውስጥ ይነሣል። ያለ በቂ ምክንያት በሁለቱም ጭኖች፣ በዳሌ ወይም በትከሻ ላይ ይሰማል፤ ቶሎም አይለቅም።

እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት በሕመም ምክንያት ስታቲን ባቆሙ 60 ሰዎች ላይ ተካሄደ። ሰዎቹ በተለያዩ ወራት እውነተኛውን ክኒን፣ መድኃኒት የሌለበትን ተመሳሳይ ክኒን፣ ወይም ምንም ሳይወስዱ ቆዩ። ስታቲን በወሰዱባቸው ወራት ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶ ያህሉ ባዶውን ክኒን ሲወስዱም ተሰማቸው። ይህ ማለት ሕመሙ ውሸት ነበር ማለት አይደለም፤ የሕመሙ ምንጭ ግን በአብዛኛው መድኃኒቱ ሳይሆን ስጋቱ ነበር። ውጤቱ ከተነገራቸው በኋላ ግማሾቹ መድኃኒቱን እንደገና ጀምረዋል።

ይሁንና እውነተኛው ጉዳትም አለ። 10,000 ሰዎች ለአምስት ዓመት ስታቲን ቢወስዱ አምስት ያህሉ ከባድ የጡንቻ ጉዳት ሊደርስባቸው እንደሚችል ይገመታል። ጡንቻ ሲፈርስ ማዮግሎቢን የተባለው ፕሮቲን ወደ ደም ይገባል፤ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከባድ የጡንቻ ሕመም ወይም መዛል ከጠቆረ፣ ሻይ ከመሰለ ሽንት ጋር ከታየ፣ መድኃኒቱን ሳይጨምሩ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል። የጡንቻን ጉዳት የሚለካው የደም ምርመራ ከከባድ እንቅስቃሴ በኋላም ከፍ ስለሚል፣ ዳገት መውጣታችሁን ለሐኪሙ መንገር አትርሱ።

መውጫው ሲዘጋ

ከእንጦጦ የሚወርደው የቀበና ወንዝ መፍሰሻው ክፍት ከሆነ በሰላም ያልፋል፤ ከተደፈነ ግን ያው ውኃ ጎርፍ ይሆናል። መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ጉበት ስታቲንን ከደም ለይቶ የሚያስወግድበትን መንገድ ሌላ መድኃኒት ከዘጋው፣ የተለመደው መጠን ራሱ ከመጠን በላይ ይሆናል።

ለዚህ አሳዛኙ ምሳሌ ሴሪቫስታቲን ነው። ይህ መድኃኒት ከጡንቻ መፍረስ ጋር የተያያዙ 52 ሞቶች ሪፖርት ከተደረጉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2001 ከገበያ ወጣ። ከተጎዱት ብዙዎቹ ትራይግሊሰራይድ የሚቀንሰውን ጀምፋይብሮዚል አብረው ይወስዱ ነበር። ዛሬም ሲምቫስታቲንና ጀምፋይብሮዚል አብረው አይታዘዙም። ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን የተባሉት አንቲባዮቲኮች፣ ሪቶናቪር የሚገኝባቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች፣ እንዲሁም የግሬፕፍሩት ጭማቂ ከአንዳንድ ስታቲኖች ጋር ተመሳሳይ ችግር ይፈጥራሉ። ስለዚህ ለጉሮሮ ሕመም እንኳ መድኃኒት ስትገዙ ስታቲን እንደምትወስዱ ለፋርማሲ ባለሙያው ንገሩ።

ጾም፣ ጸበልና የቤት ውስጥ መድኃኒት

ጾም ስታቲንን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። አቶርቫስታቲንና ሮዙቫስታቲን ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ፣ በቀን አንድ ጊዜ በማንኛውም ሰዓት ሊወሰዱ ይችላሉ። ሲምቫስታቲን በምሽት ይወሰዳል፤ ጉበት ኮሌስትሮልን በብዛት የሚሠራው ሌሊት ነውና። ጀምፋይብሮዚል ግን ከቁርስና ከእራት ግማሽ ሰዓት በፊት የሚወሰድ ስለሆነ፣ ጿሚው ሰዓቱን አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ሊያስተካክል ይገባል።

ወደ እንጦጦ ጸበል የሚሄዱ ሕሙማንም መድኃኒታቸውን እንዲያቋርጡ የሚያስገድዳቸው ነገር የለም። በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒትንና ጸበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር። አብሽ፣ ነጭ ሽንኩርትና የመሳሰሉትም የታዘዘን መድኃኒት አይተኩም፤ በብዛት የሚወስዳቸው ሰው ለሐኪሙ ይንገር።

በመጨረሻም፣ መድኃኒቱ ከተጀመረ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ደምን ማስመርመር፣ አንድ ቀን ቢረሳ በማግስቱ እጥፍ አለመውሰድ፣ ለሌላ ሰው የታዘዘን ክኒን አለመዋስ፣ ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴትም ሐኪሟን ወዲያው ማማከሯ ያስፈልጋል። በቤታችሁ ይህን መድኃኒት የሚወስድ አባት ወይም እናት ካለ፣ ዛሬ ማታ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ «ክኒኑን ሳያቋርጡ እየወሰዱ ነው? ሌላስ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» የእንጦጦን ዳገት ግን አይተዉት፤ እርምጃውም ለልብ መድኃኒት ነው።