የሊኑክስ ኮምፒውተርን ከሰርጎ ገቦች ለመጠበቅ የሶፍትዌር አበልጻጊዎች ሊያደርጓቸው የሚገቡ አራት ነገሮች

መጋቢት 20/2016 ዓ.ም. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ይፋ ያደረገው ግኝት የቴክኖሎጂውን ዓለም አስደነገጠ። ባለሙያው ምርመራውን የጀመረው ወደ አንድ የሊኑክስ ኮምፒውተር ከርቀት መግባት ከወትሮው በግማሽ ሰከንድ ገደማ መዘግየቱን በማስተዋሉ ነበር።

ፍሮይንድ 'ኤክስዜድ' ከተሰኘውና የፋይሎችን መጠን ከሚቀንሰው ፕሮግራም ውስጥ የተሸሸገ ድብቅ በር አገኘ። 'ጂያ ታን' በሚል ስም የሚሳተፍ ግለሰብ ከሁለት ዓመት በላይ ጠቃሚ ሥራ በማበርከት አመኔታ ካተረፈ በኋላ ያስገባው ነበር። የተበከሉት እትሞች እንደ ዴቢያንና ፌዶራ ባሉ የሊኑክስ ስርጭቶች የሙከራ እትሞች ውስጥ ቢገቡም፣ በስፋት ከመዛመታቸው በፊት ተደረሰባቸው።

አንድ አበልጻጊ በኮምፒውተሩ የሚይዘው የራሱን ሥራ ብቻ አይደለም። የባንክ ደንበኞች ወይም የሆስፒታል ታካሚዎች መረጃ ወደሚገኝባቸው ሰርቨሮች የሚያስገቡ ቁልፎችም በእጁ ሊኖሩ ይችላሉ። የሚከተሉት ልማዶች አደጋውን ለመቀነስ ይረዳሉ።

የተረጋጋውን እትም ይምረጡ

ለዕለት ተዕለት ሥራና ለሰርቨር የሙከራ እትም አይመከርም። ለምሳሌ ኡቡንቱ በየሁለት ዓመቱ የሚያወጣው የረጅም ጊዜ እትም ለአምስት ዓመታት የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል። ማሻሻያዎቹንም ሳይዘገዩ መጫን ያሻል። አዲስ ነገር መሞከር ከፈለጉ ከዋናው ሥርዓት በተነጠለ ምናባዊ ኮምፒውተር ላይ ያድርጉት።

ከስርጭቱ ማከማቻ ይጫኑ

በስርጭቱ ይፋዊ ማከማቻ የሚገኙ ፕሮግራሞች በዲጂታል ፊርማ የተረጋገጡ ናቸው። በአንጻሩ ከድረ ገጽ የተቀዳን ትዕዛዝ ሳያነቡ ተርሚናል ላይ ለጥፎ ማስኬድ በርን ለማያውቁት ሰው እንደ መክፈት ነው። ፋይሉን በቅድሚያ ያውርዱ፤ ምን እንደሚያደርግ ያንብቡ፤ ከዚያ ያስኪዱ።

የ'ሩት'ን ሥልጣን በቁጠባ ይጠቀሙ

'ሩት' የተባለው ተጠቃሚ ማንኛውንም ፋይል መቀየርም ሆነ መሰረዝ ይችላል። ስለዚህ በመደበኛ ተጠቃሚ ስም እየሠሩ፣ ከፍተኛ ሥልጣን ለሚጠይቅ ትዕዛዝ ብቻ 'ሱዱ'ን ይጠቀሙ። ይህ መላ ሥርዓቱን ከጉዳት ለመከላከል ቢያግዝም የግል ፋይሎችዎን አያድንም። በመሆኑም የእነርሱን ቅጂ በሌላ ቦታ ያስቀምጡ።

ከርቀት ሲገቡ በቁልፍ ይግቡ

በ'ኤስኤስኤች' ወደ ሰርቨር ለመግባት ከይለፍ ቃል ይልቅ ጥንድ ቁልፎች ይመረጣሉ። ይፋዊው ቁልፍ በሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፤ ምስጢራዊው በሚስጥር ሐረግ ተቆልፎ ከእርስዎ ዘንድ ይቀራል። በይለፍ ቃል መግባትን ከመዝጋትዎ በፊት ግን የተከፈተውን ግንኙነት ሳያቋርጡ፣ በሌላ መስኮት በቁልፉ መግባት መቻልዎን ያረጋግጡ። አለበለዚያ ከገዛ ሰርቨርዎ ውጭ ሊቀሩ ይችላሉ።

ከእነዚህ አንዱ ብቻውን አስተማማኝ ጋሻ አይሆንም። የ'ኤክስዜድ' ድብቅ በር በቁልፍ የተጠበቀን ሰርቨር እንኳ ለአጥቂው ሊከፍት የሚችል ነበር። የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ኮድ ለሁሉም ክፍት መሆኑ ምርመራውን አግዟል፤ አደጋው የታወቀው ግን አንድ ሰው የግማሽ ሰከንድ መዘግየትን በቸልታ ባለማለፉ ነው።