ሁለት ኮምፒዩተሮችን በኬብል ማገናኘት

ሁለት ኮምፒዩተሮችን በኬብል ማገናኘት ማለት ሮውተር ወይም ስዊች ሳያስፈልግ፣ በመካከላቸው በተዘረጋ አንድ ገመድ ብቻ ፋይል እንዲለዋወጡ ማድረግ ነው። ከኔትወርኮች ሁሉ ትንሹ ይህ ሲሆን የኢንተርኔት አገልግሎት አይጠይቅም። በቤት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ፎቶግራፍ፣ ቪዲዮ ወይም ሰነድ ከአሮጌ ኮምፒዩተር ወደ አዲስ ለማዛወር ያገለግላል። ገመዱን መሰካት ብቻውን ግን አይበቃም። ፋይል እንዲያልፍ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦ የአንዱ መላኪያ ሽቦ ከሌላው መቀበያ ጋር መገናኘቱ፣ ሁለቱም የሚስማማ አድራሻ መያዛቸው፣ እንዲሁም ፋይሉ ያለበት ኮምፒዩተር ለሌላው ፈቃድ መስጠቱ።

ታሪክ

ኢተርኔት ከመስፋፋቱ በፊት የግል ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ የሚገናኙት ብዙውን ጊዜ በሲሪያል ፖርት ነበር። ለዚህ የሚያገለግለው ገመድ ነል ሞደም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የወጣው ላፕሊንክ የተባለው ፕሮግራም በዚህ ዓይነት ገመድ ፋይል በማስተላለፍ ታዋቂ ሆነ። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው ኤምኤስ ዶስ 6 ውስጥ ኢንተርሊንክ የተባለ ተመሳሳይ ፕሮግራም አካቷል።

ኢተርኔት የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል በሮበርት ሜትካፍና በባልደረቦቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በተጠማዘዘ የመዳብ ሽቦ የሚሠራው ዓይነት ደረጃ ከወጣለት በኋላ ገመዱ ርካሽና ለአያያዝ ቀላል ሆነ።

የፍጥነቱ ልዩነት ከፍተኛ ነው። 700 ሜጋባይት የሆነ አንድ ቪዲዮ ለማስተላለፍ ቢያንስ የሚከተለው ጊዜ ያስፈልጋል፦

• በሲሪያል ፖርት (በሰከንድ 115,200 ቢት)፦ 17 ሰዓት ገደማ
• በ100 ሜጋቢት ኢተርኔት፦ 56 ሰከንድ
• በ1 ጊጋቢት ኢተርኔት፦ 6 ሰከንድ ገደማ

በተግባር የዲስኩ ፍጥነትና ሌሎች ምክንያቶች ጊዜውን ያራዝሙታል።

የኬብሉ ዓይነት

በኢተርኔት ገመድ ውስጥ 8 ሽቦዎች በ4 ጥንድ ተጠማዘው ይገኛሉ። የሚጠማዘዙት ከውጭ የሚመጣን የኤሌክትሪክ ረብሻ ለመቀነስ ነው። በ10 እና በ100 ሜጋቢት ፍጥነት ሁለት ጥንዶች ብቻ ይሠራሉ፤ ኮምፒዩተሩ በ1ኛውና በ2ኛው ፒን ይልካል፣ በ3ኛውና በ6ኛው ይቀበላል። ስዊች ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ስለሚይዝ ኮምፒዩተርን ከስዊች ጋር በቀጥተኛ ገመድ ማገናኘት ይቻላል። ሁለት የቆዩ ኮምፒዩተሮች በቀጥተኛ ገመድ ቢገናኙ ግን ላኪ ከላኪ፣ ተቀባይ ከተቀባይ ጋር ይገጥማል፤ ሁለቱም ይናገራሉ፣ አንዳቸውም አይሰሙም።

ለዚህ መፍትሔው ክሮስኦቨር የተባለው ገመድ ነው። በአንዱ ጫፍ ሽቦዎቹ ቲ568ኤ፣ በሌላው ጫፍ ቲ568ቢ በተባለው አቀማመጥ ይደረደራሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የብርቱካናማውና የአረንጓዴው ጥንድ ቦታ መለዋወጥ ነው።

ባለ 1 ጊጋቢት የኔትወርክ ካርዶች በአራቱም ጥንዶች ይሠራሉ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሽቦውን አቀማመጥ ራሳቸው ለይተው ያስተካክላሉ። ስለዚህ ከሁለቱ ኮምፒዩተሮች አንዱ እንዲህ ዓይነት ካርድ ካለው ተራው ቀጥተኛ ገመድ ይበቃል። የገመዱ ርዝመት ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም።

ሁለቱም ጫፎቹ ዓይነት-ኤ የሆኑ ተራ የዩኤስቢ ገመድ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሁለቱም ኮምፒዩተሮች በዚያ ገመድ ኤሌክትሪክ ስለሚሰጡ መሣሪያው ሊጎዳ ይችላል።

አድራሻ

እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የአይፒ አድራሻ ያስፈልገዋል። በቤት ኔትወርክ ውስጥ ይህን አድራሻ የሚያድለው ሮውተሩ ነው። ሮውተር በሌለበት ብዙ ኮምፒዩተሮች በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሳቸው ይመርጣሉ፤ አንዳንዴም ይህ ብቻ ይበቃል። አስተማማኙ መንገድ ግን አድራሻውን በእጅ መስጠት ነው፦

• አንደኛው ኮምፒዩተር፦ 192.168.50.1
• ሁለተኛው ኮምፒዩተር፦ 192.168.50.2
• ሰብኔት ማስክ ለሁለቱም፦ 255.255.255.0

የጌትዌይ ቦታ ባዶ ይተዋል። በዚህ ሰብኔት ማስክ መሠረት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች የጋራውን ኔትወርክ፣ የመጨረሻው ደግሞ ኮምፒዩተሩን ያመለክታል፤ በአንድ ቀበሌ ያሉ ሁለት ቤቶች ቀበሌያቸው አንድ፣ የቤት ቁጥራቸው የተለያየ እንደሚሆነው ነው። ኮምፒዩተሩ በዋይፋይም የተገናኘ ከሆነ የዋይፋዩ አድራሻ በእነዚሁ ሦስት ቁጥሮች መጀመር የለበትም።

ፈቃድና ደኅንነት

በዊንዶውስ ፋይል የሚጋራው ኤስኤምቢ በተባለ ፕሮቶኮል ነው። ሊኑክስ ሳምባ በተባለ ነፃ ፕሮግራም አማካይነት ይህንኑ ቋንቋ ይናገራል፤ የማክ ኮምፒዩተሮችም ያውቁታል። የሚፈለገው ፎልደር ለጋራ አገልግሎት ከተከፈተ በኋላ በሌላው ኮምፒዩተር የፋይል መስኮት አድራሻ ላይ \\192.168.50.1 ተብሎ ይጻፋል። ከዚያም የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ዊንዶውስ የይለፍ ቃል የሌለውን ተጠቃሚ በኔትወርክ ስለማያስገባ አስቀድሞ የይለፍ ቃል ማበጀት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰዎች ግንኙነቱ እንቢ ሲል ፋየርዎሉን በሙሉ ይዘጋሉ። ይህ አደገኛ ነው፤ ለፋይል መጋራት ብቻ ፈቃድ መስጠት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በብዙ አገሮች የተሠራጨው በኤስኤምቢ የመጀመሪያ ስሪት ላይ በነበረ ክፍተት ነው፤ የብሪታንያ ሆስፒታሎችም ተጎድተዋል። እንደ ዊንዶውስ ኤክስፒ ያሉ አሮጌ ስርዓቶች የሚያውቁት ይህንኑ የመጀመሪያ ስሪት ብቻ ነው። ፋይል ለማዛወር ሲባል ስሪቱ በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ከተከፈተ፣ ሥራው እስኪያልቅ ሁለቱንም ከኢንተርኔት ማለያየትና ሲያልቅ መልሶ መዝጋት ይገባል። ገመዱ ራሱ ቫይረስ ስለማያጣራ የተዛወሩትንም ፋይሎች መፈተሽ ጠቃሚ ነው።

ችግርን መለየት

ችግር ሲያጋጥም ሦስቱን ነገሮች በቅደም ተከተል መመርመር ይረዳል፦

• የመሰኪያው መብራት ካልበራ፦ ችግሩ ከገመዱ ወይም ከኔትወርክ ካርዱ ነው።
• መብራቱ በርቶ ፒንግ የተባለው ትእዛዝ መልስ ካላገኘ፦ አድራሻው ወይም ፋየርዎሉ ይታያል።
• ፒንግ መልስ አግኝቶ ፎልደሩ ካልተከፈተ፦ የቀረው ፈቃዱ፣ የይለፍ ቃሉ ወይም የኤስኤምቢ ስሪት ነው።