በቢሾፍቱ ሐይቆች የውሃ መገላበጥና የዓሣ እልቂት

በቢሾፍቱ ዙሪያ በሚገኙት የእሳተ ገሞራ ሐይቆች በአንዳንድ ዓመታት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዓሣ በብዛት ሞቶ ዳር ላይ ተንሳፎ ይገኛል። ወዲያው የሚነሣው ጥያቄ «ውሃውን ማን መረዘው?» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ሐይቁ ራሱ ከሥሩ ያጠራቀመው ውሃ ዓሣውን ሊጨርሰው ይችላል። የልማት ሠራተኛው ይህን ለይቶ ቢያውቅ ከንቱ ጠብ ይቀራል፤ የኅብረት ሥራ ማኅበሩም ምርቱን ለማዳን ጊዜ ያገኛል።

በባሕር ጠረፍ ያሉ ሐይቆች የባሕሩ ውሃ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር እየገባና እየወጣ ያድሳቸዋል። የቢሾፍቱ ሐይቆች ይህ የላቸውም። ውሃቸውን በዋናነት የሚያንቀሳቅሱት የቀን ፀሐይ፣ የሌሊት ብርድና ነፋስ ናቸው፤ ነፋሱንም ዙሪያቸውን የቆመው ገደል ይከልልባቸዋል። ሆራ ወደ 38 ሜትር፣ ባቦጋያ ወደ 65 ሜትር ይጠልቃሉ፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር ያልፋል። የዝዋይ ሐይቅ ግን አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ያህል ስለሆነና ሜዳ ላይ ስለተኛ ነፋስ እስከ ታች ያማስለዋል።

የሞቀ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይቀመጣል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ከ24 ወደ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ 250 ግራም ያህል ይቀላል፤ ከ4 ወደ 5 ዲግሪ ሲሞቅ የሚቀለው 8 ግራም ያህል ብቻ ነው። ስለሆነም እንደኛ ባለ አገር የአንድና የሁለት ዲግሪ ልዩነት ሁለቱን ንብርብሮች ለወራት ለያይቶ ለማቆየት ይበቃል። በታችኛው ንብርብር የሚበሰብሰው ነገር ኦክሲጅኑን ይጨርሰዋል፤ በምትኩ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይጠራቀማል።

ነገሩን በአሃዝ ለማየት ሐይቁን እንደ ሁለት ተደራራቢ ሣጥኖች እንቁጠረው። የላይኛው 10 ሜትር ሲሆን በሊትር 7 ሚሊግራም ኦክሲጅን አለው። የታችኛው 30 ሜትር ሲሆን ኦክሲጅን የለውም። ሁለቱ ቢደባለቁ 10 በ7 ሲባዛ 70፣ ለ40 ሲካፈል 1.75 ሚሊግራም ይደርሳል። ቆሮሶ ይህን ለጥቂት ጊዜ ይችለው ይሆናል። ነገር ግን በታችኛው ውሃ በሊትር 1 ሚሊግራም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ቢኖር፣ ይህ ሙሉ በሙሉ እስኪቃጠል 1.9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይበላል። 30 በ1.9 ሲባዛ 57 ነው። ከ70 የተረፈው 13 ለ40 ሲካፈል 0.3 ገደማ ይሆናል፤ በዚህ ዓሣ አይኖርም። እውነተኛው ሐይቅ ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ ሒሳባችን ጉዳቱን ጥቂት ያጋንነዋል።

መደባለቁ በየሌሊቱ በጥቂት በጥቂቱ ከሆነ አየር ጉድለቱን እየሞላ ስለሚሄድ ጉዳት የለውም። የሚያስፈራው ለረጅም ጊዜ ሞቆና ጸጥ ብሎ የቆየ ሐይቅ በጥቂት የብርድና የነፋስ ሌሊቶች በአንድ ጊዜ ሲገለበጥ ነው።

ይህን ለመከታተል ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ድንጋይ ማሰር፣ ውታፉንም በሌላ ገመድ ማሰር ነው። ጠርሙሱ 10 ሜትር ሲደርስ ውታፉ ተስቦ ይነቀላል፤ አምስት ደቂቃ ቆይቶ በፍጥነት ይወጣና ቴርሞሜትር ይገባበታል። የላዩም ውሃ በዚያው ሰዓት ይለካል። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ በየሦስት ቀኑ ጎሕ ሲቀድ ተለክቶ ይመዝገብ። ልዩነቱ በየጊዜው እየጠበበ ከግማሽ ዲግሪ በታች ከወረደ፣ በእኛ አስተያየት በመረብ የታጠረ ዓሣ የሚያረባ ማኅበር ለገበያ የደረሰውን ሳይዘገይ ማውጣት፣ መኖ መስጠት ማቆምና ጫጩት አለመጨመር ይገባዋል።

እልቂት ቢደርስ የውሃው መልክ መለወጡን፣ ሽታውንና ዓሣው ጎሕ ላይ አፉን ከውሃው በላይ እየከፈተ መታየቱን መዝግቡ። ሞቱ በአንድ ቦይ አፍ አካባቢ ብቻ ከሆነና በቅርቡ ፀረ ተባይ ተረጭቶ ከነበረ ግን ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ውሃውን በንጹሕ ጠርሙስ ቀድታችሁ ለምርመራ ላኩ። በሁለቱም ሁኔታ ሞቶ የተገኘ ዓሣ ለገበያ አይቅረብ።