የእማማ ጉልበትና የሻንጣው ክኒን

እናትዎ ገረሴ ሆነው በስልክ «ጉልበቴ» ባሉ ቁጥር፣ ከአሜሪካ ለሚመጣ ዘመድ «ግሉኮሳሚን አምጣልኝ» ብለው አደራ ብለው ይሆናል። አደራው የፍቅር ነው። ብልቃጡ ብቻውን ግን እናትዎን ወደ ገበያ አይመልሳቸውም።

ገረሴን ለማያውቁ፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ጋሞ ደጋ ሲወጡ የሚያገኟት ከተማ ናት። አካባቢው ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ እንሰት መፋቁ፣ ሸክሙ፣ ገበያ ደርሶ መመለሱ ሁሉ በጉልበት ነው። ለታመመ ጉልበት ደግሞ ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ይከብዳል። ስለዚህ ሰው መውጣት ይተዋል፤ ከገበያ፣ ከለቅሶ፣ ከጎረቤት ቡና ይቀራል። ተቀምጦ ሲውል የጭኑ ጡንቻ ይሰልላል፤ ጡንቻው ሲሰልል ጫናው መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል፤ ሕመሙም ይብሳል። ኦስቲዮአርትራይተስ፣ ማለትም የመገጣጠሚያው ልም አጥንት የሚሳሳበት ሕመም፣ ሰውን ቤት የሚያስቀረው በዚህ መንገድ ነው።

ወደ ብልቃጡ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ግሉኮሳሚንንና ኮንድሮይቲንን በ1,583 የጉልበት ሕመምተኞች ላይ ለ6 ወራት ሞከረ። ምንም መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ክኒን ከወሰዱት ውስጥ 60 ከመቶው ሕመማችን ቀለለ አሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ከወሰዱት ደግሞ 67 ከመቶ ገደማ። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አላለፈም። ሕመማቸው ከባድ በነበረ ጥቂት ሰዎች ላይ የተሻለ ውጤት ታይቷል፤ ቁጥራቸው ግን ለመደምደም አይበቃም። ጎረቤትዎ «እኔን አድኖኛል» ሲሉ አይዋሹም፤ አስመሳዩን የዋጡትም እንደዚያው ብለዋል።

እኔ የምሠራው ገበያ ልማት ላይ ነው፤ የብልቃጥ ጽሑፍ እንዴት እንደሚመረጥ አውቃለሁ። «የመገጣጠሚያ ጤናን ይደግፋል» የሚለው ቃል «ያድናል» ማለት አይደለም። የአሜሪካ ሕግም ተጨማሪ ምግብ ከመሸጡ በፊት መሥራቱን እንዲያረጋግጥ አያስገድድም። በአርባ ምንጭ ቆላ የሚበቅለው ሺፈራውም ግሩም ምግብ ነው፤ የጉልበት መድኃኒት ብሎ መሸጡ ግን ሌላ ነገር ነው።

ያም ሆኖ መሞከር ከፈለጉ ለሦስት ወር ይሞክሩና ለውጥ ከሌለ ያቁሙት። እናትዎ ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ ግሉኮሳሚን አይስጧቸው፤ የመድማት አደጋን ሊጨምር ይችላል።

የተሻለ ማስረጃ ያለው እንቅስቃሴ ነው። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ2019 ባወጣው መመሪያ ለጉልበት እንቅስቃሴን አጥብቆ ሲመክር፣ ግሉኮሳሚንን እንዳንጠቀም አጥብቆ ይመክራል። ጂም አያስፈልግም። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፈው እናትዎ ቀስ ብለው ይነሱ፣ ቀስ ብለው ይቀመጡ፤ በ5 ጀምረው ወደ 10 ያድርሱት። አልጋ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ከጉልበታቸው ሥር የተጠቀለለ ጋቢ ያድርጉ፤ ጋቢውን በጉልበታቸው ወደ ታች ተጭነው እስከ 5 ይቁጠሩና ይልቀቁ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሜዳ ላይ እርምጃ ጋር። መጠነኛ ሕመም አያስፈራም፤ በማግሥቱ ከብሶ ከዋለ ግን ቁጥሩን ይቀንሱ። ለውጡ በሳምንት አይመጣም፤ ስድስት፣ ስምንት ሳምንት ይታገሡ።

ቡና ሲያፈሉ በርጩማውን ከፍ ባለ ወንበር ይለውጡላቸው፤ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ጉልበትን ይጫናል። ከዘራ የሚያዘው ደግሞ ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ባመመው በኩል ይይዘዋል። ለእኛ ለከተሜዎቹ አንድ ጨምሬ ልበል፦ አንድ ኪሎ ክብደት ሲቀንሱ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበትዎ ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ገደማ ይቀንሳል።

ጉልበቱ አብጦ ከጋለና ከቀላ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም በድንገት መቆም ካቃታቸው ግን እንቅስቃሴውን ትተው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷቸው። ሌላውን ጊዜ በስልክ «ክኒኑን ዋጡት?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ስንት ጊዜ ተነሡ?» ብለው ይጠይቁ፤ አጠገባቸው ያለ የልጅ ልጅ ካለም ይቁጠርላቸው።